ስሙ የታጠበ ወይን

ያን ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ዶፍ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ዶፍ ወርዶ ወርዶ ይወጣለታል። ካፊያ ግን መሄጃውን እንደማያውቅ እንግዳ ነው፤ ሄደ ሲሉት ተመልሶ ይቀመጣል። አጣቢዋ የማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ሰማዩን አየች። ግቢው ውስጥ ባለው ገመድ ተስፋ ቆረጠችና የጠረጴዛ ልብሶቹን እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ አሰጣቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከሥራቸው ጎንበስ እያለች ስትመላለስ ጠብታው አንገቷ ላይ ይወርዳል። ለምዳዋለች። የፀደይ በዓል እሑድ ነው፤ እስከዚያ ሃያ የጠረጴዛ ልብስና መቶ ናፕኪን መድረቅና መተኮስ አለበት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በረኪና ይላታል። እጇ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ስለሚሸት ነው። ስሙን ያወጣላት ምግብ አብሳዩ ነው፤ ለክፋት ሳይሆን ለጨዋታ። ቆይቶ ደግሞ “እሜቴ በረኪና” እያለ ማዕረግ ጨመረላት። እሷም ቅር አላላትም። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ፣ አብራት ከምትኖረው ታናሽ እህቷ በቀር ማንም የለም፤ እህቷም ብትሆን “እታለም” ማለት ነው የሚቀናት።

ትምህርቷን ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ አንድ ቀን ጎንበስ ባለችበት ወገቧ ያዛትና ቀና ማለት አቃታት። ልጅቷ ለጊዜው ገንዳውን ትያዝ ተባለ። ያ ጊዜ ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አንዳንዴ ትስቅበታለች፤ አንዳንዴ አትስቅበትም። እጇ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የውሃ እጅ ሆነ።

ያን ማክሰኞ ባለቤቲቱ ከተሰጡት ልብሶች መሀል አንገቷን ደፍታ ገባች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ምግብ ቤቱን ከእሱ ጋር ከፍታ ብቻዋን የቀጠለች ሴት ነች። በብብቷ ወፍራም የወረቀት ጥቅል ይዛለች፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቅጠል የታተመበት። ካውያ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጥቅሉ ምን እንደሆነ ለአጣቢዋ ሳትጠይቅ ገብቷታል፤ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ከጨርቅ ወደ ወረቀት ከዞረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ እዚያ ታጥብ የነበረችው ሴት አሁን የት እንዳለች ማንም አያውቅም።

ባለቤቲቱ ነገሩን አልደበቀችም። ጨርቅ ውሃ ይበላል፣ ሳሙና ይበላል፣ ወረቀት ግን ተጠቅልሎ ይጣላል አለች። ጨርቁን ከዚህ የሚያስጥለው አንድ ነገር ቢኖር የጡረተኞቹ ማኅበር ነው። አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ በየዓመቱ የፀደይን በዓል ምሳ እዚህ ይበላሉ። ዘንድሮ ሊቀመንበራቸው፣ ያ ጡረታ የወጣው ዳኛ፣ ምሳው ካማረ በየእሑዱ እንመጣለን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ብሎ ልኳል። ነጭ ጨርቅ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ከመጡ ጨርቁ ይቀራል። ካልመጡ ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት ነው።

ነገሩ የአጣቢዋ ብቻ አልነበረም። እህቷ የምትኖረው የተቀደዱትን የጠረጴዛ ልብሶች እየጠቀመች ነው። ዓይኗ ቢደክምም መርፌዋ አይሳሳትም፤ ቀዳዳውን ደፍና ስትጨርስ የት እንደነበር ራሷም አታገኘውም። ወረቀት አይታጠብም፣ ወረቀት አይጠቀምም። ሁለቱም እህትማማቾች በአንድ ጥቅል ነበር የሚጠቀለሉት።

ከዚያ ባለቤቲቱ ስለ ወይኑ አነሳች። የፈረንሳይ ወይን ሁልጊዜ የሚመርጠው ሽማግሌው አስተናጋጅ ነበር፤ እሱ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሌላ ከተማ ልጁ ቤት ተኝቷል። ስልክ ደውላ ብትጠይቀው፣ ወረቀቱ ላይ ግንብ የተሣለበትን ቦርዶ ግዢ፣ ሌላው ሁሉ ውሃ ነው አላት። ባለ ግንቡ ደግሞ ዘንድሮ የሚቀመስ አይደለም፤ ዋጋው ግንቡን ራሱን የሚገዛ ሆኗል። ርካሽ ይሁን፣ ርካሽ ግን አይምሰል፤ ይህ ነው የጨነቃት። ምግብ አብሳዩን ብትጠይቀው፣ እኔ የማውቀው ድስት ውስጥ የሚገባውን ነው፣ በረኪናን ጠይቂ ብሎ ላካት።

“እውነት ታውቂያለሽ?” አለቻት።

አጣቢዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። “ወይን አላውቅም እትዬ። የሚጠጡትንና የሚተዉትን ግን አውቃለሁ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠረጴዛ የተነሱ ጠርሙሶች የሚጠራቀሙት በማጠቢያው ክፍል በር ላይ ነው። አለቅልቃ በሳጥን የምትደረድራቸው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛው ጠርሙስ ባዶውን እንደሚመጣ፣ የትኛው ግማሹን ይዞ እንደሚመለስ ስታይ ኖራለች። ባለ ግንቡ፣ ክረምት ላይ ሲሆን ባዶውን ይመጣል። ፀደይ ላይ፣ በቀትር፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሲሆን ግን ግማሹ ይቀራል፤ ሰዎቹ ያዘዙት ለመታየት ነውና ከታዩ በኋላ ይከብዳቸዋል። በዚያ ወቅት ተጨልጠው የሚመጡት ሌሎች ናቸው፤ ማንም ጮክ ብሎ የማያዛቸው።

ሌላም ነገር አላት። የመሞከሪያ ጨርቅ። ከአሮጌ የጠረጴዛ ልብስ የተቀደደ፣ የፎጣ ያህል የሚሆን ነጭ ጨርቅ ነው። አዲስ ወይን በመጣ ቁጥር ከትራፊው አንድ ጠብታ ታንጠባጥብበታለች፤ አንዱን ጠብታ እንዳለ ትተወዋለች፣ ከጎኑ ያለውን በጨው፣ ሌላውን በሶዳ፣ ሌላውን በፈላ ውሃ ትሞክረዋለች። የትኛው እድፍ በምን እንደሚለቅ የምታውቀው ከዚያ ነው። የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ እሷም እህቷም ስለማያነቡት፣ እህቷ ከእያንዳንዱ እድፍ አጠገብ ጠርሙሱ ላይ ያየችውን ሥዕል በክር ትጠልፍላታለች፤ ለአንዱ ግንብ፣ ለአንዱ ጀልባ፣ ለአንዱ አበባ፣ ለአንዱ ፀሐይ።

ረቡዕ ዕለት ይህንን ጨርቅ በዘንቢል ይዛ ወደ ወይን ሻጩ ሄደች። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገው ቀጭን ሰው ነው። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ስትዘረጋው፣ ልብስ አበላሽቶብኛል ብላ ልትከሰው የመጣች መስሎት ነገሩን ከሩቁ ለመያዝ ሞከረ። እኛ የምንሸጠው ለመጠጣት ነው፣ ለማፍሰስ አይደለም አለ። እሷም ለክስ እንዳልመጣች፣ ይህ ማስታወሻዋ እንደሆነ ነገረችው። ያኔ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ጎንበስ አለ።

ብዙ ቆዩ። እሱ አንዱን እድፍ በጣቱ እየነካ ይህ ከየት እንደመጣ ይገምታል፣ እሷ ደግሞ ሥዕሉን ታሳየዋለች፤ ሦስቱን አገኘ፣ አንዱን ሳተ፤ ሲስት የተፈረደበት ያህል ፊቱ ቀላ። ባለ አበባውን ሲያይ፣ ይህ ቦዦሌ ነው አላት፤ ከቀላል ወይን ፍሬ የሚጠመቅ ቀይ፣ ሌላው ቀይ በክፍል ሙቀት ሲጠጣ እሱ በትንሹ ቢቀዘቅዝ የሚወድ። የእሱ እድፍ ሮዝ ወደ ሐምራዊ ነው፣ ሰፋ ብሎ ይሮጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ካገኘ ሳይለመን ይለቃል። ባለ ፀሐዩ ኮት ዱ ሮን ነው፤ የደቡብ ፀሐይ የጠገበ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል፣ ለበግ ጥብስ የተሠራ የሚመስል። የዚህ እድፍ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይዞርና ግትር ይላል። ባለ ጀልባው ሙስካዴ ነው፤ ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት የሚመጣ ነጭ፣ ለዓሣ። ነጭ ወይን ሲፈስ አይታይም፤ ንጹሕ ነው ተብሎ ካውያ ሲያርፍበት ነው ቢጫ ሆኖ የሚወጣው። ይህን እሷ ነገረችው፤ አያውቅም ነበር።

ለመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ያለው ነገር ፈለገች። ሻምፓኝ የማይታሰብ ነው። ሻጩ ክሬማን የሚባለውን አወጣላት። አሠራሩ ያው ነው፣ አረፋውም ያው፣ ከሻምፓኝ አገር ውጭ ስለተጠመቀ ስሙን መያዝ አይፈቀድለትም፣ የሚረክሰውም ለዚያ ነው አላት። አጣቢዋ ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ይዛው ቆየች። ስም ስለሌለው የሚረክስ ነገር አላስገረማትም። ከእሱ ስድስት፣ ከባለ ጀልባው ስምንት፣ ከባለ አበባውና ከባለ ፀሐዩ አሥር አሥር ይሁን አለች። ባለቤቲቱ ከወሰነችው ዋጋ አልዘለለም፤ እንዲያውም ሻጩ ሁለት ባለ አበባ መረቀላት።

እውነቱን ለመናገር ለራሷም ትንሽ አድልታለች። ባለ አበባውን ከወደደችባቸው ምክንያቶች አንዱ በቀላሉ መታጠቡ ነው። ይህንን ለእህቷ ብቻ ነው የነገረቻት።

እህቷ ያን ምሽት መርፌዋን ጥላ ሳቀችባት። እነሱ ቤት ወይን የሚገባው ሰው ሲሞት ወይም ሲዳር ነበር፤ እሱም አንድ ብርጭቆ ለሁለት። “እታለም፣ አንቺ ወይን መራጭ ከሆንሽ እኔን ሚኒስትር አድርጊኝ” አለቻት። ከዚያ ሳቋ ቆመና፣ ባይወዱትስ፣ ብላ ጠየቀች። አጣቢዋ ባይወዱት ሁለታችንም ቤታችን ቁጭ ብለን ግድግዳ እንጠቅማለን አለቻትና ሾርባዋን ጠጣች።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ከአምስት ቀን ካፊያ በኋላ የወጣች ፀሐይ ለጋ ነች፤ ሰውነት ውስጥ ገብታ ጀርባን ታፍታታለች። አጣቢዋ የመጨረሻዎቹን የጠረጴዛ ልብሶች ግቢው ውስጥ ልታሰጣ እየተጣደፈች ሳለ ባለቤቲቱ መጣች። ማቀዝቀዣው በዓሣና በክሬም ኬክ ጢም ብሏል፤ በረዶ የሚሠራው ማሽን ደግሞ በዓል መሆኑን አይቶ ተበላሽቷል። ወይኑን የት ላቀዝቅዘው ስትል፣ አጣቢዋ የድንጋይ ገንዳዬ አለ፣ ውሃው ከጉድጓድ የወጣ ያህል ቀዝቃዛ ነው አለቻት። ሳጥኖቹን ተሸክመው አመጡላት። ከጥድፊያዋ ብዛት ሳትለይ ነጩንም፣ ቀዩንም፣ አረፋውንም አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ አስተኛቻቸውና ውሃ ጨመረችበት።

ጨመረችበት እንጂ አልቀየረችውም። ገንዳው ውስጥ ከትናንት የተረፈ ናፕኪን የተዘፈዘፈበት የሶዳ ውሃ ነበረ። ሶዳ ውሃ መድፋት ከልጅነቷ ጀምሮ የማታውቀው ነገር ነው፤ እናቷ ለሦስተኛ ዙር ታስቀምጠው ነበር። ይህ ሳያንስ፣ በገንዳው አጠገብ ባለፈች ቁጥር እጇ ገባ እያለ ጠርሙሶቹን አገላበጠ፣ አሸት አሸት አደረገ። እሷ አላዘዘችውም። ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነገር ካየ ዝም ብሎ የሚያልፍ እጅ የላትም።

ልብሱን አስጥታ፣ የደረቀውን ሰብስባ ስትመለስ ገንዳው ላይ ወረቀት ተንሳፍፎ አገኘች። ጀልባው፣ አበባው፣ ፀሐዩ፣ ሁሉም እንደ መኸር ቅጠል ተደራርበው ይዋኛሉ። ጠርሙሶቹ ከሥራቸው ራቁታቸውን ተኝተዋል፤ ጽድት ብለው። በሕይወቷ እንደዚያ ንጹሕ ጠርሙስ አይታ አታውቅም።

ናፕኪን ልታጥፍ የመጣችው እህቷ ከኋላዋ ቆማ አየች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

ባለቤቲቱ ተጠርታ መጣችና ገንዳውን አየች። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

“ጨረስሽኝ” አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አጣቢዋ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ ጊዜ ይወስዳል። ነጩ በጠርሙሱ ይታወቃል፣ አረፋው በሽቦው ይታወቃል። ችግሩ ሁለቱ ቀያዮች ናቸው፤ ሁለቱም ትከሻቸው የወደቀ ጥቁር አረንጓዴ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያሉት፣ የአንገታቸው መሸፈኛም አንድ ዓይነት ቀይ ነው። ባለ አበባው ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መውጣት አለበት፣ ባለ ፀሐዩ ደግሞ ለበጉ፣ ሳይቀዘቅዝ። እንግዶቹ ሊገቡ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። አንዱ ተከፈተ፤ ቡሹ ላይ የወይን ዘለላ ብቻ ነው የታተመው። ምግብ አብሳዩ ተጠራ። ከሐሙስ ጀምሮ ጉንፋን ይዞታል፤ ቀመሰ፣ እንደገና ቀመሰ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። አፍንጫዬ ፈቃድ ወጥቷል፣ ኮምጣጤም ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ አለ። ባለቤቲቱ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ አፏ ላይ ወይን አድርጋ አታውቅም፤ ዛሬ ምኑን ትለየው።

ያኔ አጣቢዋ ከተተኮሱት ናፕኪኖች አንዱን መዘዘች። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከተከፈተው ጠርሙስ በማንኪያ አንድ ጠብታ አንጠባጠበችበት፤ ከጎኑ ሌላ ጠብታ አደረገችና እሱ ላይ የሶዳ ውሃ አስነካችው። የመሞከሪያ ጨርቋን አጠገቡ ዘረጋችና ጠበቀች። እድፍ መጠበቅ ታውቅበታለች። የመጀመሪያው ሮጦ ሰፋ፣ ሮዝ ነው፤ ባለ አበባው። ቀጣዩ ቆሞ ጠርዙን አጠቆረ፣ በሶዳው ወደ ሰማያዊ ዞረ፤ ባለ ፀሐዩ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ሲሞክሩ ሁለት ናፕኪን ሞላ። እህቷ ሳትጠየቅ የክር ሳጥኗን አመጣችና ለባለ አበባው አንገት ቀይ ክር፣ ለባለ ፀሐዩ ሰማያዊ ክር እየጠመጠመች ቋጠረች። ባለ ፀሐዮቹን ፀሐይ ያረፈበት የመስኮት ደፍ ላይ ደረደሯቸው፣ ቅዝቃዜያቸው እንዲለቃቸው። ባለ አበባዎቹ በቡሻቸው ተወትፈው ወደ ገንዳው ተመለሱ። ውሃው በዚህ ጊዜ ተቀይሮ ነበር።

እንግዶቹ ገቡ። ሽማግሌዎቹ በከዘራቸው፣ አሮጊቶቹ በሻሽና በባርኔጣቸው፤ ወንበር ሲሳብ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ልጅ ልጅ ሲወራ ቤቱ ሞላ። ነጭ ጨርቁ በመስኮቱ ብርሃን ቦግ ብሏል። አረፋው ተቀዳ፣ ጤና ይስጥልን ተባባሉ። ነጩ ከዓሣው ጋር ወጣ፣ ማንም ጠርሙሱን ልብ አላለም። እያወሩ ይጠጣሉ። አጣቢዋ በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ ታያለች፤ የምታየው ፊታቸውን አይደለም፣ ብርጭቆውን ነው።

ቀዩ ሲወጣ ዳኛው ጠርሙሱን አነሳ። ልማዱ ነው፤ ቀይ ወይን ሳያነብ አይቀምስም። ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አዞረው። ቀይ ክር ብቻ ነው ያለው። በገበታው ዙሪያ ያሉት ወደ እሱ ዞሩ።

“የዚህ ስሙ የት አለ?” አለ።

አጣቢዋ ንጹሕ ናፕኪን ይዛ ልታደርስ ወጥታ መሀል ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ኋላ መመለሱ ከመቆሙ የባሰ ሆነባት።

“ጌታዬ፣ አጥቤው ነው” አለች። “አጣቢዋ እኔ ነኝ። ሳላስበው አጠብኩት።”

አንዲት አሮጊት ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ። ዳኛው አልሳቀም። ይህችን ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ሲመገብ አይቷት አያውቅም። ጠርሙሱን አስቀመጠ። ታዲያ በምን አውቃችሁ አቀረባችሁት ብሎ ጠየቃት፤ በእድፉ ብላ መለሰችለት፤ ዝርዝሩን አልጠየቀም። ብርጭቆውን አነሳና፣ የሚያነበው ስለሌለው፣ ቀመሰ። ሌላ ጉንጭ ወሰደ። ከዚያ ብርጭቆውን ወይን ወደምትቀዳው አስተናጋጅ ዘረጋ።

አጣቢዋ ወደ በሩ ተመለሰች። እሷ የምታውቀውን ያን ሰዓት ማንም አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ሰው ይህንኑ ባለ አበባ ወይን ወረቀቱን ብቻ አንብቦ፣ ይህ የልጆች ነው ብሎ ሳይቀምስ መልሶታል። ሽማግሌው አስተናጋጅ እየተበሳጨ ሙሉውን ጠርሙስ በሯ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። በመሞከሪያ ጨርቋ ላይ ያለው የአበባ እድፍ የዚያ ጠርሙስ ነው። ብትነግረው ሰው ይስቅ ነበር። አልነገረችውም። የሷ ሥራ እድፍ ማስለቀቅ ነው፤ ለሰው ማሳየት አይደለም።

ባለ ፀሐዩ ከበጉ ጋር ወጣ፤ ለብ ብሎ፣ ሰማያዊ ክሩን አስሮ። ምሳው አልቆ ሲነሱ ዳኛው ከባለቤቲቱ ጋር በሩ ላይ ቆሞ አወራ። አጣቢዋ አልሰማችም። ለመስማትም አልተጠጋችም። ጠረጴዛዎቹን ማንሳት ጀመረች። ሌላው ሰው ጋዜጣ እንደሚያነብ እሷ የምታነበው እዚያ ነው፤ የብርጭቆ ቀለበት፣ የመረቅ ጠብታ፣ ሮዝ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም። የዳኛው ናፕኪን ላይ ሦስት ሮዝ ጠብታ አገኘች። እጅ የሚቸኩለው ሲጣፍጠው ነው። ከዚያ በሯ ላይ የተጠራቀሙትን ጠርሙሶች እያነሳች ወደ ብርሃኑ ያዘቻቸው። ከሁለት ባለ ፀሐይ በቀር ሁሉም ባዶ ናቸው።

ባለቤቲቱ ስትመጣ እህትማማቾቹ የክሩን ቋጠሮ እየፈቱ ነበር። የወረቀቱን ጥቅል ከጠረጴዛው ሥር አነሳችና ለአጣቢዋ ሰጠቻት። ለመደርደሪያው አንጥፊው፣ የተተኮሰው ልብስ እንጨቱን እንዳይነካ አለች። ከዚያ ከቀረው ባለ ፀሐይ ሦስት ብርጭቆ ቀዳች። ለራሷ የቀዳችውን ለረጅም ጊዜ ይዛ ቆይታ ነው የቀመሰችው። የአጣቢዋ እህት ብርጭቆዋን ገና ሳትጨርስ ደፋ አደረገችውና አዲሱ ወረቀት ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ዞረው አዩት።

“እሱን እንኳ ማጠብ አልችልም” አለች አጣቢዋ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ፀደይ አልፏል። ማኅበሩ በየእሑዱ ይመጣል፤ ቁጥራቸው ቀንሷል፣ ዳኛው ግን አለ፣ አሁን ያነባል፣ ካነበበ በኋላ ግን ይቀምሳል። ሽማግሌው አስተናጋጅ ጉልበቱ ድኖ ተመልሷል፤ የክረምቱን ወይን እሱ ይመርጣል፣ የፀደዩን ይተውላታል። ደመወዟ ትንሽ ተጨምሯል፤ ጀርባዋም ትንሽ ብሶባታል። በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ወይን ሻጩ ትሄዳለች፤ እሱም እስክትመጣ መነጽሩን አውርዶ ይጠብቃታል። የመሞከሪያው ጨርቅ ሞልቶ እህቷ ሌላ ቀጥላለታለች።

አጣቢዋ አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው ምግብ ቤት፣ እዚያው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ታጥባለች። ወይኑን የምታቀዝቅዘው በሌላ ገንዳ ነው።